በሩን የዘጋው ባክቴሪያ

ታላቅ እህቴን እታለምን ከአይከል ያመጧት በሚኒባስ ነው፣ ሆዷን በነጠላ አስረው። አንጀቷ ታጥፎ ነበር። ጎንደር በደረሰችበት ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና ተረፈች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ እየሸጠች ነው ያስተማረችኝ። ከሰመመኑ ነቅታ መጀመሪያ ያለችኝ "ምሳ በልተሻል?" ነው። ይኼኔ ዳነች ብዬ ደስ አለኝ።

ከቀናት በኋላ ቁስሉ መግል ያዘ፤ ትኩሳቱም አልበርድ አለ። እኔ ስለ ባክቴሪያ አስተምራለሁ፣ በሆስፒታሉ ላቦራቶሪም እሠራለሁ። የመግሏ ናሙና ሲመጣ የሥራ ባልደረባዬ "ተይው፣ እኔ ልየው" አለኝ። እንቢ አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ባክቴሪያው ያደገበትን ሳህን ወደ መስኮቱ ይዤ ቀረብኩ። መድኃኒት ውስጥ በተነከሩት ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ዙሪያ ባክቴሪያው ሞቶ ባዶ ቦታ መታየት ነበረበት። ባዶ ቦታ የለም። እስከ ወረቀቶቹ ጠርዝ ድረስ ለምልሟል።

ያን ዓይነት ባክቴሪያ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ስዬ አሳይቻለሁ። በውጭኛው ሽፋኑ ላይ ፖሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች ተተክለዋል። ሰንሰለታቸው ወደ ላይ ወደ ታች እየተመላለሰ፣ እንደ አጥር እንጨት ጎን ለጎን ቆሞ ክብ ይሠራል፤ ክዳንም ወለልም እንደሌለው ጎተራ። መሐሉ ላይ ውኃ የሞላው ጠባብ መተላለፊያ አለ። ምግቡ የሚገባው በዚያ ነው፤ ብዙው መድኃኒትም እንዲሁ።

ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ምነው፣ መድኃኒቱ እንቢ አለ?" አለችኝ።

"ጀርሙ በር አለው፣ እታለም። መድኃኒቱ በዚያ ነበር የሚገባው። አሁን በሩን የዘጋው ይመስለኛል።"

"በሩን ከዘጋ እሱስ በምን ይበላል?"

"ይራባል። ቀስ ብሎ ያድጋል እንጂ አይሞትም።"

"እግዜር ያሳይሽ፣ እኔን ለመግደል ይራባል" አለችና ፈገግ አለች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

አንድ መድኃኒት ቀርቶ ነበር። በር አይፈልግም፣ ሽፋኑን ራሱን ይንዳል፤ ኩላሊት ግን ይጎዳል። ጎንደር ውስጥ ጠፍቶ ከአዲስ አበባ አስመጣነው። ሲጀመርላት ትኩሳቷ ቀነሰ፤ ፀጉሬን ሹሩባ ሥሩኝ አለች። ጎረቤት አልጋ ያለችው አስታማሚ ሠራችላት። ከዚያ ሽንቷ ቆመ፣ ፊቷ አበጠ። አንድ ጠዋት ቅዳሴ ሳይወጣ እጄን እንደያዘች አረፈች።

አይከል ቀበርናት። ባሏ ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጦ ቀስ ብሎ "ቀዶው ተበላሽቶ ነው?" አለኝ።

"አይደለም፣ አያ። ሐኪሞቹ ሸጋ አድርገው ነው የሠሩት። መድኃኒት የማይገባው ጀርም ቁስሏን ስለያዘው ነው።"

"አንቺም እያለሽ" አለ። ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ ግራ ገብቶት ነው።

ሥራ ስመለስ ባልደረባዬ የባክቴሪያውን የሽፋን ፕሮቲኖች ለያይቶ፣ በሰማያዊ ቀለም ነክሮ ጠበቀኝ። በሩ ካልተዘጋው ጤነኛ ባክቴሪያ ጎን አስቀምጦ አሳየኝ። በጤነኛው ላይ የፖሪኑ ሰማያዊ መስመር ደምቆ ይታያል። በእሷ ናሙና ላይ ቦታው ባዶ ነው።

"እንደገመትሽው ነው" አለኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ጓንቱን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ። ቆይቶ "ባክቴሪያውን ላስወግደው?" ሲል ጠየቀኝ።

"ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ" አልኩት።

ለጥናት ይጠቅማል አልኩት እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። ከእሷ ገላ ወጥቶ በሕይወት ያለ፣ እኔ ዘንድ የቀረ ነገር ያ ብቻ ነው። ልጥለው አልቻልኩም።