መርፌው በማን እጅ ይሁን

ሲስተር ብርሃነሽ ዘርአ ዳዊት ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል ኃላፊ ናት። ነርስነት ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ማስተርሷን የጨረሰችው ግን በቅርቡ ነው። ከተማረችው ሁሉ ልቧ ውስጥ የቀረው ራስን ስለመንከባከብ የሚናገረው ንድፈ ሐሳብ ነበር። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ሰው በደህናው ጊዜ ራሱን ይንከባከባል፤ ሲታመም አቅሙ ይጎድላል፤ የነርስ ሥራ የጎደለውን መሙላት ነው። ያልጎደለውን ልሙላ ካለች ግን በሽተኛው ላይ ሌላ በሽታ ትጨምርበታለች።

ይህን ሥራ ላይ ስታውለው ክፍሉ መልኩ ተቀየረ። ከዚያ በፊት ከእነዋሪና ከጣርማ በር የሚመጡ ሽማግሌዎች ሚስት ወይም ልጅ አስከትለው ይገቡና፣ ስለ መድኃኒታቸው ሲጠየቁ ፊታቸውን ወደ አስከተሉት ሰው ያዞሩ ነበር። ብርሃነሽ አስታማሚዎቹን በትሕትና ወደ ውጭ ትሸኛለች። ከዚያ መርፌውን ለበሽተኛው ታስጨብጥና የራሷን እጆች ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ትከታለች። ተክለጊዮርጊስ የሚባሉ የእነዋሪ ገበሬ የመጀመሪያዋን መርፌ ሆዳቸው ላይ ሲወጉ ላብ አጥምቋቸው ነበር። ጥቂት ቀጠሮ ቆይተው ግን ሚስታቸውን እቤት ትተው ብቻቸውን መጡ፤ ስለ እግራቸው ንጽሕናም ሳይጠየቁ አወሩ።

ቤቷ ስትገባ ብርሃነሽ ሌላ ሰው ናት።

አባቷ አቶ ዘርአ ዳዊት አንኮበር ከተማ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። ስኳሩ ሳይታወቅባቸው ቆይቶ፣ ግራ እግራቸው ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ፣ ከጉልበታቸው በታች ተቆረጡ። የስፌት መኪናቸው በእግር የምትረገጥ ነበረችና ሥራቸውም ከእግራቸው ጋር አብሮ ሄደ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ታላቅ ወንድሟ ባየው ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ አባቱን አቅፎ አልቅሶ፣ ሐኪም እህት እያለችው እሱ ምን እንደሚያውቅ ጠይቆ ተመለሰ። አባትየው ደብረ ብርሃን፣ ልጃቸው ቤት ገቡ።

ባሏ ሰለሞን የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። በዚያው ሰሞን ሐዋሳ የተሻለ ቦታ አገኘ። አባባ ትንሽ ሲጠነክሩ እከተልሃለሁ አለችው። ይህን ካለችው ሁለት ክረምት አለፈ።

ጠዋት በዚያ ብርድ ተነሥታ ውሃ ታሞቃለች፤ አባቷን ታጥባለች፤ የቀረውን እግር ጣት በጣት ታያለች፤ ትወጋቸዋለች፤ ታበላቸዋለች። ቀን ላይ ጎረቤቷ ወይዘሮ ወርቅነሽ ብቅ እያሉ ያዩላታል። ማታ እንደገና መርፌው፣ ምግቡ፣ አልጋው። ለቅሶ ስትደርስ እንኳ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው። ሰፈርተኛው ይመርቃታል፤ የወለደ እንደ ዘርአ ዳዊት ይውለድ ይላል። ምርቃቱ በተደጋገመ ቁጥር መውጫው ይጠብባት ነበር።

ሳታስብበት ቀርታ አይደለም። አብሯት የሚሠራው ነርስ ተሾመ አንድ ቀን አባቷ ራሳቸውን መውጋት እንደማይችሉ ጠይቋት ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል አለችው። የአባቷ እጅ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

ነሐሴ ላይ አሊዩ አምባ ጤና ጣቢያ ያሉትን ነርሶች እንድታሠለጥን ተላከች። ቀኑን ሙሉ አስተማረች፤ በሽተኛ የሚችለውን አትቀሙት አለች። ሲመለሱ፣ ወደ አንኮበር በሚያወጣው ዳገት ላይ ዝናቡ ያወረደው ናዳ መንገዱን ዘግቶ ጠበቃቸው። ሾፌሩ ወርዶ አየና ዶዘር እስኪመጣ እዚያው አካባቢ ማደር ግድ መሆኑን ነገራቸው። ከመኪናው ውጭ ከጉም በቀር የሚታይ የለም። የአባቷ የማታ መርፌ ሰዓት ደርሷል። ወይዘሮ ወርቅነሽ ጋ ደወለች፤ ለለቅሶ እነዋሪ ሄደዋል። ተሾመ የማታ ተረኛ ነው፤ መርፌ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በሰፈሩ የለም። ለአባቷ ደወለች።

«አባባ፣ መንገድ ተዘግቶብኛል፤ አልደርስም። መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው። አሁን የምነግርዎትን ቀስ ብለው...»

«ወግቻለሁ» አሉ አባቷ።

«ማን ወጋዎት?»

«ራሴ ነኛ። ስትቆይብኝ ጊዜ ወጋሁ። አሁን እራቴን ልበላ ነው።»

ስንተኛው መስመር ድረስ እንደሳቡ ጠየቀቻቸው፤ ልክ ነበሩ። አየሩን ማስወጣታቸውን፣ የቱ ጋ እንደወጉ፣ ላብ ላብ ካላቸው ምን እንደሚያደርጉ እንደ ተፈታኝ ጠየቀቻቸው። ሁሉንም መለሱ። ስልኩን ስትዘጋ ሾፌሩ እንኳን ደስ አለሽ አላት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ የተሰማት ግን ንዴት ነው።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ስትደርስ አባቷን በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ቦርሳዋን ሳታወርድ ጠየቀቻቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚችሉት?»

«ዕድሜዬን መርፌ ይዤ ኖሬ፣ ይቺ ታቅተኝ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

አቶ ዘርአ ዳዊት ክራንቻቸውን ወደ ጎን አደረጉ። «እዚህ የገባሁ ሰሞን መርፌውን ስጪኝ ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። ይተዉ አባባ፣ እኔ እያለሁ ብለሽ ራስሽ ወጋሽኝ። ደስ ካለሽ ብዬ ተውኩልሽ። በኋላ ባልሽ ሄደ። የቻልኩ ቀን እንደምትከተይው አውቃለሁ። ስኳሩንስ ለምጄዋለሁ፤ የፈራሁት ባዶ ቤት ነው።»

ያን ቀን አስታወሰችው፤ እውነታቸውን ነው። ከዚያ የከፋውን ግን ለእሳቸውም አልነገረችም። ከሰለሞን ጋር ያላት ነገር ሐዋሳ ሳይሄድ በፊትም ቀዝቅዞ ነበር። የአባቷ ሕመም ያንን ሳታይ እንድትኖር ከልሎላታል። አባቷ አስረዋት ነበር፤ እሷም መታሰሩን ፈልጋው ነበር።

ከዚያ ወዲህ መርፌው ወደ አባቷ እጅ ገባ። እግራቸውን በመስታወት እያዩ መመርመርም ጀመሩ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ከለቅሶ ተመልሰው ይህን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ልጅ እያለችው ራሱን የሚወጋ አባት አይተው እንደማያውቁ ለሰፈሩ ተናገሩ። ምርቃቱ ቆመ። ብርሃነሽ ለሰለሞን ደውላ አሁን መምጣት እንደምትችል ነገረችው። ሰለሞን የተከራየው ቤት ጠባብ መሆኑን፣ መስከረም ሲጠባ እንደሚነጋገሩ ነገራት። መስከረም ጠባ፤ አልደወለም። እሷም አልደወለችም።

ጥቅምት ላይ አባቷን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ስኳሩ ዓይናቸውን መንካት ጀምሯል፤ ሕክምና ቢኖረውም የመርፌዋ መስመሮች እያደር ለዓይናቸው መደብዘዛቸው እንደማይቀር ሐኪሙ ነገራት። አቅም ሲቀንስ የነርሷ ድርሻ ይጨምራል፤ ይህን ራሷ ስንቴ አስተምራዋለች።

አሁን ጠዋት ጠዋት ለብሳ ተዘጋጅታ በሩ አጠገብ ትቆማለች። አባቷ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ጊዜ ወስደው ይስባሉ። እጇ እንዳይቀድማት ክንዶቿን ኩታዋ ውስጥ ጠቅልላለች።

«ሂጂ እንጂ ልጄ፤ ረፈደብሽ» ይሏታል ዞር ሳይሉ።

«እሺ አባባ» ትላለች፤ ከቆመችበት ግን አትነቃነቅም።