ምን ብሎ አረፈ?

ባለቤቴ በራሱ አፍ መናገር አይሆንለትም ነበር። ወጡ ጨው አንሶታል ለማለት እንኳ ምስክር ይጠራል። «አንድ የደልጊ ዓሣ አጥማጅ እንዳለው…» ብሎ ይጀምራል። ዓሣ አጥማጁ ስለ ጨው ተናግሮ ይሁን አይሁን እግዜር ይወቅ። ከሚሠራበት ፋብሪካ ሲመለስም የዘበኛውን፣ የባጃጅ ሹፌሩን፣ የሊስትሮውን ቃል ተሸክሞ ይገባል። እኔ ነገር በቀጥታ የምወድ ሰው ስለሆንሁ አንዳንዴ ያናድደኛል። «ደግሞ ይሄን ማን አለው? አንተስ ምን ትላለህ?» ስለው ይስቃል።

«ብቻዬን ከምናገር ሁለት ሆኜ ብናገር አይሻልም?»

ባለፈው ክረምት ሆዱን ታመመና ቀዶ ሕክምና ታዘዘለት። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሊያስገቡት ሲሉ እጄን ያዘ።

«ፈራሁ» አለኝ።

«ደግሞ ይሄን ማን አለው?» አልሁት፤ እንዲስቅ ብዬ ነው።

«እኔ» አለ።

አልሳቀም። ግንባሩን ሳምሁት፤ ነርሷ አልጋውን ገፋችው፤ በሩ ተዘጋ። በሕይወት አልወጣም።

ለቅሶ ቤት የመጣ ሁሉ «ምን ብሎ አረፈ?» ይላል። ክፋት የለበትም፤ ሰው ከሟች አፍ አንድ ቃል ካልያዘ ባዶ እጁን የሚመለስ ይመስለዋል። ጓደኞቹ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው እሱ ከሰው የለቀማቸውን አባባሎች ሁሉ በእሱ ስም ያወሩ ነበር። ዓሣ አጥማጁም ተረሳ። ሳቄና ዕንባዬ አንድ ላይ መጣብኝ።

እናቱ ከጎርጎራ ሲደርሱ ግን ጥያቄው ከበደኝ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ልጄ ምን ብሎ አረፈ?» አሉኝ። እየፈራ ሄደ ብዬ ለእናት እንዴት ልንገር?

«‹በሰላም ነው የምሄደው፤ እናቴን አደራ› ብሏል» አልኋቸው።

ደረታቸውን እየመቱ ቃሉን በሙሾ አወጡት፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። በሠልስቱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ «መታደል ነው፤ በሰላም ነው የምሄደው ብሎ!» እያሉ ያጽናኑኛል። ያቺን ቃል ጠላኋት፤ እንደ ተዋሱት ልብስ አልሆነችውም።

እናቱ አሁንም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይደውሉልኛል። «እስኪ ያን ቃሉን ድገሚልኝ» ይላሉ፤ እደግምላቸዋለሁ፤ ይመርቁኛል። ባለፈው እሑድ ግን ከደገምሁላቸው በኋላ ምርቃቱን ትተው ጠየቁኝ።

«ለእኔስ ይሄን አለ። ላንቺስ ምን አለሽ?»

«ፈራሁ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ መጣች፤ መልሼ ዋጥኋት። ጠበቁኝ፣ ጠበቁኝ።

«እኔን ልጄ! ላንቺ ምንም ሳይልሽ ሄደ?» አሉ። ያን ዕለት ያለቀሱት ለእኔ ነው።