ከወንበሮቹ ጋር የሸጥኩት ስልክ ቁጥር

ለሠርግም ለለቅሶም ወንበር፣ ድንኳንና ድስት አከራይ ነበርኩ። መቐለ ውስጥ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ሠርግ አልተጠራም ወይ ዘመድ አልሞተበትም። በየወንበሩ ጀርባ ስልክ ቁጥሬን በነጭ ቀለም አስጽፌበት ነበር። የሚሰርቀኝም ቢሆን የማን ላይ እንደተቀመጠ ይወቀው ብዬ ነው።

ሥራውን ያስፋፋሁት ከባንክ ተበድሬ ነው። መያዣው ዓይናለም ሰፈር ያለው የታላቅ እህቴ ቤት ነበር። የቤቱን ካርታ ስትሰጠኝ "መቼ ትመልሺልኛለሽ?" እንኳን አላለችኝም። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ባንኩ ተዘጋ፤ የራሴን ብር ማውጣት አቃተኝ። ሲከፈት ወለዱ አንድም ቀን ሳያርፍ ሲቆጥር ከርሟል። "እናንተ በር ዘግታችሁ እኔ በየት በኩል ልክፈል?" ብዬ ብጮህ፣ ከረባት ያሰረው ልጅ "ሲስተሙ ነው፣ እናቴ" አለኝ። ኤድያ! እስቲ ሲስተሙን ጥራልኝና ፊት ለፊት እንነጋገር አልኩት። አልጠራልኝም።

ስለዚህ ሥራውን ከነወንበሩ ሸጥኩት። ገዢው ነጠላው ከትከሻው የማይወርድ፣ ድምፁ ማር ማር የሚል፣ ሴቱን ሁሉ "አደይ"፣ እናቴ፣ እያለ እጅ የሚነሳ ሰውዬ ነው። ግማሹን ከፈለኝ፤ እንዳለ ለባንኩ ሰጠሁት። "ቀሪውን በየወሩ፣ አደይ፣ በየወሩ" አለ። የእህቴ ካርታ የሚለቀቀው ያ ቀሪ ሲገባ ነው።

እዚህ ላይ ጅልነቴን ልናገር። ቁጥሩ በየወንበሩ ስለተጻፈ ሲም ካርዱንም ጨምሬ ሰጠሁት። ደንበኛ የሚከፍለው በስልክ ነው ብዬ የሚስጥር ቁጥሩንም ነገርኩት። በስሜ የተመዘገበ ሲም! ሰውን ሁሉ ጅል ስል የምውለው እንግዲህ እኔው ነኝ።

ለወራት ምንም አልሰጠኝም። አንድ ቀን ሮማናት አደባባይ ላይ ታክሲ ሲጠብቅ አገኘሁት። አልማርኩትም። ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሰው ማኪያቶውን ትቶ ዞሮ እስኪያይ ድረስ ልክ ልኩን ነገርኩት። "በነጠላ የተሸፈነ ዕዳ ይጠፋል መሰለህ?" አልኩት። አንገቱን ደፋ። ጉድ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ላከ! ትንሽ ነው፣ ግን ላከ። በሌላውም ወር ላከ። አቤት የተኩራራሁት! "ፍርድ ቤት ምን ያደርግልኛል፣ ምላሴ እያለልኝ" እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

ይህንኑ ላወራላት ዓይናለም፣ እህቴ ቤት ሄድኩ። የከተማው ውኃ የሚወጣው ከዚያው ሰፈር ጉድጓድ ነው፤ እሷ ግን ከቦቴ በጄሪካን እየገዛች ትጠጣለች። ይኼም ሁልጊዜ ያናድደኛል። ገብቼ ሳይ ትልቁን ክፍል ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ለሚሰፉ ልጃገረዶች አከራይታዋለች። የእሷ አልጋ ማድ ቤት ገብቷል፣ ከሽንኩርቱና ከበርበሬው ጋር።

"በስተርጅና ገንዘብ ወደድሽ?" አልኳት።

"ልጆቹ ቤት አጥተው ነው። ደግሞ ያጫውቱኛል።"

"የሚያጫውትሽስ ብሩ ነው" አልኳት፣ ልጆቹ እየሰሙ።

ሳቀች። ስለ ካርታው አላነሳችም። እኔም ሰውዬውን ሮማናት ላይ እንዴት እንዳዋረድኩት ከነአንገቱ አደፋፍ እያሳየሁ ተረኩላት። "ጎበዝ፣ ሓፍተይ" አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። ምሳዬን በልቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ በአዲሱ ስልክ ቁጥሬ ትንሽ ብድር ብጠይቅ "በስምዎ ቀኑ ያለፈበት ብድር አለ" የሚል መልስ መጣ። የምን ብድር? ለካስ ያ ዐይኑን በጨው ያጠበ ሰውዬ፣ በአሮጌው ቁጥሬ፣ በስልክ የሚሰጠውን ብድር በእኔ ስም ወስዶ ቁጭ ብሏል። እርር ድብን አልኩ። መታወቂያዬን ይዤ ሲም ወደሚሰጡበት ቢሮ በረርኩ።

"ሲሙ ጠፍቶብዎት ነው?" አለችኝ ልጅቷ።

"አዎ፣ ሰው ኪስ ውስጥ ጠፋብኝ።"

አልሳቀችም። በዚያው ቁጥር አዲስ ሲም ሰጠችኝ፤ የእሱ ተዘጋ። እሰይ! በወንበሩ ሁሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከእኔ ጋር ሆኖ ማን ይደውልለታል? ነጠላውን እየጎተተ ይመጣል፣ ቀሪውን ገንዘብ እጄ ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ቁጥሩን ይለምነኛል። እኔም ካርታውን ከባንክ አውጥቼ እህቴ ጭን ላይ አኖረዋለሁ። ይህን ሁሉ ከቢሮው ደረጃ ሳልወርድ አሰብኩት።

ሲሙን ከትቼ ስልኩን እንደከፈትኩት መልእክት ገባ። ገንዘብ ነው። የላኪውን ስም ሳይ እህቴ ናት። እንዴ? ወዲያው ሌላ መልእክት ተከተለ፤ የገባው ገንዘብ ሙልጭ ተደርጎ ሰውዬው ለወሰደው ብድር ተቆርጧል። ምኑም ሳይገባኝ ስልኩ ጠራ። ራሷ ነበረች።

"ወደይ" አለች ገና ስከፍተው፤ ልጄ ማለቷ ነው። "የዚህንም ወር ልኬልሃለሁ። ልጆቹ ኪራዩን የሰጡኝ ዛሬ ነው፣ ለዚያ ነው የዘገየሁት። እንደ ሌላው ጊዜ ከራስህ አስመስለህ ለእህቴ ላክላት። ከእኔ መሆኑን እንዳታውቅ፣ አደራህን። የቤቴን ነገር እያሰበች እንቅልፍ አጥታ ነበር፤ አንተ መክፈል ጀመርክ ብላ አሁን ትንሽ ቀና ብላለች።"

ሮማናት ላይ የጮህኩት ሁሉ ትዝ አለኝ። ማድ ቤት የገባው አልጋ ትዝ አለኝ። "ገንዘብ ወደድሽ" ያልኳት፣ ልጆቹ እየሰሙ።

"አለህ?" አለች። "ሰማኸኝ?"

እኔ ነኝ ብላት የምትሸማቀቀው እሷ ናት፤ አውቃታለሁ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን አታይም። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ድምፄን አወፈርኩና የዚያን ሌባ አነጋገር፣ ለማሾፍ ስንቴ የቀዳሁትን፣ አወጣሁት።

"እሺ፣ አደይ" አልኳት።

"ተባረክ፣ ወደይ" ብላ ዘጋችው።