እህቴን ወፍረሻል ያልኩበት ቀን

ቀያይ ግዙፍ ከዋክብትን ማጥናት ከጀመርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎኛል። ስለ እነሱ መጀመሪያ የሰማሁት አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። አስተማሪያችን እንዲህ ያለ ኮከብ በመሃሉ ያለው ነዳጅ ሲያልቅበት ያብጣል፣ ይቀላል አሉን። በደብተሬ ጽፌ ለፈተና ሸመደድኩት።

በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳና ትምህርት ተቋረጠ። ረሃቡን በወሬ ሰምቼ ነበር፤ ግን ቁርአን የሚያስቀሩት አባቴ በየደብዳቤያቸው «እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ» ስለሚሉ አመንኳቸው። ከደሴ በጭነት መኪና አቀስታን አልፌ መካነ ሰላም ደረስኩ፤ ከዚያ በእግሬ ወደ ቤት አቀናሁ። በመንገዴ ጣሪያቸው የተገፈፈ ቤቶች አየሁ። ሣሩን ከብት በልቶት ነው። የአባቴ ደረሳዎች፣ ቁርአን ሊቀሩ የሚመጡት ልጆች፣ የሚያድሩበት ጎጆም ባዶውን ቆሟል።

አባቴ ከስተዋል። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ግን ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጉንጯ ሞልቷል፣ ፊቷ ያብለጨልጫል። እፎይ አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ እቴ፣ አንቺስ ወፍረሻል» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። አባቴ ጣቴን ያዙና ቅልጥሟ ላይ ጫን አደረጉት። ሳነሳው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«ሥጋ አይደለም ልጄ፣ ውሃ ነው» አሉ። «የሚበላው ሲያልቅ ሰው እንዲህ ያብጣል።»

ለፈተና የሸመደድኩት የአስተማሪዬ ቃል በአባቴ አፍ መጣ።

በማግስቱ ከጎረቤቶች ጋር በቃሬዛ ተሸክመን መካነ ሰላም እርዳታ ጣቢያ ወሰድናት። አባቴ አብረውን እንዲመጡ ብለምናቸው «እኔ ምንም አልሆንኩም፣ ቤት እጠብቃለሁ» አሉ። ጣቢያው ውስጥ አንዲት ነርስ ወተት በማንኪያ ትግታት ጀመር። በሳምንቱ እህቴ ከሳች፤ ጉንጯ ጎደጎደ፣ አጥንቷ ገጠጠ። ሞተችብኝ ብዬ ሮጬ ነርሷን ጠራሁ። ነርሷ አይታት ፈገግ አለች፤ ውሃው መውጣቱ ነው፣ እህትህ ተርፋለች አለችኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረቤታችን መጣና አባቴ ከተቀበሩ አራት ቀን እንደሆናቸው ነገረኝ። ለካ የምግብ ድርሻቸውን ለእህቴ ሲሰጡ ነው የከረሙት። እኔ ያበጠችውን ተሸክሜ ስሮጥ የከሱትን አባቴን ደህና ናቸው ብዬ ትቻቸው ሄጃለሁ።

እህቴ ዛሬ አቀስታ ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። አንድ ጊዜ ሥራዬን ጠየቀችኝና ከዋክብቱ ነዳጃቸው ሲያልቅ እንደሚያብጡ ነገርኳት። ቅልጥሟን በጣቷ ጫን አድርጋ አየችና፣

«ይሄን ለመማር ነው ያን ያህል አገር የሄድከው?» አለችኝ።