ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ የሚወጣው ማሽን

አሰላ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከጎሚስታው ቤት ጎን፣ ዘመናይ የምትባል ሴት አለች፤ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት። ማመልከቻ የሚያስጽፈው፣ መታወቂያ የሚያስገለብጠው፣ ክስ ያለበት፣ ክስ የሚያምረውም ሁሉ ደጇ ላይ ነው የሚውለው። እጇ ፈጣን ነው፤ ተናግረህ አፍህን ሳትዘጋ ጽፋ ትጨርስልሃለች። ብቻ ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሯ በቃ ይለግማል። አንዷን ፊደል ስትነካት ከሁሩታ በእግሯ የምትመጣ ይመስል ትዘገያለች። ሆዱ ውስጥ ያለችው ማራገቢያ ደግሞ ጩኸቷ ለብቻው ነው። ሰፈሩ ለምዶታል። "የዘመናይ ማሽን ምሳ ወጥቷል" ብሎ ይስቃል።

ለምን በዚያ ሰዓት እንደሚወጣ ግን ማንም አያውቅም። አይ፣ ያውቃል እንጂ። አሰላ ውስጥ ምን የማይታወቅ ነገር አለ? ፊቷ ላይ አይወራም እንጂ።

ነገሩ በዛብህ ነው። በዛብህ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የኮምፒውተር መምህር ነበር። ቀጭን፣ የጭላሎ ብርድ አጥንቱ ድረስ የገባበት፣ በነሐሴ ሁለት ሹራብ ደርቦ የሚሄድ ሰው። መጀመሪያ ፈተና ሊያባዛ መጣ። ፈተናው ተባዝቶም መምጣቱን አልተወም። አንድ ፈተና ስንቴ ይባዛል? ሰፈሩ ያኔ ነው የነቃው።

ያን ጊዜ የዘመናይ ማሽን በቫይረስ አሳሩን ያይ ነበር። የሰው ፍላሽ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚሰካው፤ ፍላሹ ደግሞ የት የት ሲሰካ እንደከረመ እግዜር ይወቀው። አንድ ቀን ጠዋት ስትከፍተው የዓመት ሥራዋ ድራሹ ጠፍቷል፤ በቦታው ቢጫኑት የማይከፈት ባዶ ምልክት ተገትሮ ቀርቷል። ቫይረሱ የደበቀውን ፈልፍሎ ያወጣላት በዛብህ ነው። ከዚያ አንቲቫይረስ ጫነላት።

"ይሄ ዘበኛ ማለት ነው" አላት። "አታዪውም። አንቺ ስትጽፊ እሱ ከጀርባ ሆኖ የሚገባውን የሚወጣውን ይፈትሻል። ይሄ ብዙም አይከብድሽም። በቀን አንዴ ግን ጓዳ ጎድጓዳውን በሙሉ ይበረብራል፤ ያኔ ማሽኑ ይከብድሻል። ስንት ሰዓት ላይ ላድርግልሽ?"

"ሥራ በሌለበት ሰዓት ነዋ።"

"እንግዲያው ስድስት ሰዓት ይሁን። እሱ ሲበረብር እኛ ምሳ እንበላለን።"

እኛ አላት እንግዲህ። ዘመናይ ያቺን ቃል ሰማች፤ በማግስቱ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ነጠላዋን ደርባ ጠበቀችው።

ከዚያ ወዲያ ስድስት ሰዓት ሲሞላ፣ ማራገቢያዋ መጮህ ስትጀምር፣ ሁለቱ ተነስተው አሰፋች ምግብ ቤት ይገባሉ። በጾሙ ሽሮ፣ በፍስኩ ያገኙትን። በዛብህ ጭኮ መጀመሪያ የቀመሰው እዚያ ነው፤ ገብሱና ቅቤው ጣፈጠውና እንደ ቆሎ ሲዘግን ውሎ ሆዱን ይዞ ሦስት ቀን ተኛ። ዘመናይ ይሄን ስታወራ እስከ ዛሬ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። መጨረሻው ላይ ሳቁ ያልቅና እንባው ብቻ ይቀራል። ማሽኑ በርብሮ ይጨርሳል፣ እነሱ ምሳቸውን አይጨርሱም። እንዲህ ነበር የሚኖሩት።

ኋላ የበዛብህ እናት ታመሙ፣ ዝውውር ጠየቀ፣ ተፈቀደለት። መናኸሪያው ውስጥ፣ አውቶቡሱ እየተጫነ፣ "ለመስቀል እመጣለሁ" አላት። መስቀል መጣ። ሌላውም መስቀል መጣ። መጀመሪያ በየቀኑ ይደውል ነበር፣ ከዚያ በየእሁዱ፣ ከዚያ የዚያ አገር የስልክ መስመር ተቋረጠ ተባለ። መስመሩ ተመልሷል የሚሉ አሉ። ዘመናይ ግን ተቋርጧል ነው የምትለው።

ስድስት ሰዓት ግን ቀረላት። በየቀኑ ማራገቢያዋ ስትጮህ እጇን ከማሽኑ ታነሳና ወደ በሩ ታያለች። ሹራብ የደረበ ሰው ብቅ የሚል ይመስላታል።

አሁን እዚህ ላይ እንደሻው ይገባል። እንደሻው ጎረቤቷ ነው፤ ሞባይልና ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ያላገባ፣ የዘመናይ ዕቃ ሲበላሽ ከጠሪው ቀድሞ የሚደርስ። ደህናው ዕቃ መቼ በተበላሸ እያለ የሚመኝ ነው የሚመስለው። ማሽኑን አንዴ አየውና አወቀው።

"ዘመናይ፣ ችግሩ ሰዓቱ ነው። ድሮ በምሳ ሰዓት ሰው አልነበረሽም። ዛሬ ከፍርድ ቤቱም ከአውቶቡሱም የሚጎርፍልሽ በዚህ ሰዓት ነው። ወደ ማታ ላዙርልሽ፣ አለቀ።"

"ሰዓቱን አትንካ።"

"ለምን?"

"አትንካ አልኩህ እኮ። ሌላ መላ የለህም?"

እንደሻው ቂል አይደለም። የማን ሰዓት እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም። ግን እሷ ካለች ምን ያድርግ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። በማሽኑ ውስጥ የሚሠሩት ፕሮግራሞች በሙሉ የሚታዩበትን ገጽ ከፈተና አሳያት።

"ይኸው፣ የማሽኑን ጉልበት አንደኛ በላተኛ ይሄ ነው። ይሄ ያንቺው አንቲቫይረስ ነው። በይ እንግደለው።"

ተጫነው፣ አጠፋው። ማሽኑ ቀለል አለው። ዘመናይ አንድ መስመር ሳትጽፍ በላተኛው ተመልሶ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ደግሞ አጠፋው፣ ደግሞ መጣ።

"አይሞትም እንዴ?" አለች።

"ዘበኛ አይደል? እኔ የምገድለው ከሆነማ ሌባውም ይገድለዋል።"

ዘመናይ ሳቀች። የበዛብህ ዘበኛ በእንደሻው እጅ አለመሞቱ ደስ ያላት ትመስል ነበር። እንደሻውም ሳቋን አየው፤ አየና ዕቃውን ለቃቅሞ ወጣ።

በሳምንቱ ደግሞ ሌላ አንቲቫይረስ ይዞ መጣ። "ይሄኛው ቀላል ነው፣ መኖሩንም አታውቂውም" ብሎ ጫነላት። ጉድ የፈላው ያኔ ነው። አንዱ ሊፈትሽ የያዘውን ሌላው ይይዛል፣ እሱ ሲለቅ ያኛው ይነጥቃል፤ ሁለቱ ሲጓተቱ ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ጨርሶ ቆመ። አንድ ገጽ ሳታወጣ ዋለች።

"ሁለቱ አብረው አይሆኑም፣ ዘመናይ" አላት እንደሻው አንገቱን ደፍቶ። "አንዱ መሄድ አለበት።"

ይሄን ሲል ማሽኑን አልነበረም የሚያየው።

"ኋላ የመጣው ይሂዳ" አለች።

የራሱን ዘበኛ በራሱ እጅ ነቅሎ ወጣ። ያን ለት ከአሰፋች ቤት ምሳ ያዘዘውን ሳይበላ ተወው ይባላል። አሰፋች ናት ያወራችው፤ እሷ ደግሞ ሳህን ቆጥራ ነው የምታወራው።

እንዲህ እንዳለ ኦቦ ቱሳ ከዲክሲስ መጡ። የመሬት ነገር አለባቸው፤ አቤቱታቸውን የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ለምሳ ሳይዘጋ ማስገባት ነበረባቸው። አርብ ነው። ከምሳ በኋላ መዝገብ ቤቱ አይቀበልም፤ ካለፋቸው ሰኞ ነው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቶሎ በይልኝ" አሏት። "ላሚቱ ዛሬ ነገ ትወልዳለች። ቤት ሰው የለም።"

"እሺ ኦቦ ቱሳ፣ አሁን ነው፣ ይቀመጡ።"

ጀመረች። ግማሹ ላይ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሞላ፣ ማራገቢያዋ ጮኸች፣ ፊደሎቹ ከሁሩታ መጓዝ ጀመሩ። እንደ ልማዷ በሩን አየች። በሩ ላይ ሰው የለም፤ ኦቦ ቱሳ ብቻ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል። ወረቀቱ ሲወጣ መዝገብ ቤቱ ተዘግቷል። ለደርሶ መልስ የሚሆን ገንዘብ የላቸውም፤ እስከ ሰኞ ዘመድ ቤት ሊሰነብቱ ጥላቸውን ይዘው ወጡ።

ሰኞ አስገብተው ሲመለሱ ኮፒያቸውን ሊወስዱ መጡ።

"ላሚቱስ፣ ኦቦ ቱሳ?"

"ወልዳለች። ጎረቤት ደውሎ ነገረኝ፤ ጥጃዋን ብርድ ገደላት። የሚያስገባት ሰው አልነበረማ።" ቀና ብለው አዩዋት። "ምን ይደረግ። ማሽን ነው፣ አንቺ አይደለሽ።"

እኔ ነኝ ማለት አቃታት። ሰውየው ከሄዱ በኋላ ሄዳ የእንደሻውን በር አንኳኳች።

"ሰዓቱ የሚዞርበትን አሳየኝ። የማዞረው ግን ራሴ ነኝ።"

አሳያት። "ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አድርጊው፤ ያን ጊዜ ዘግተሻል" አለና ብቻዋን ተዋት፤ ሰውዬው ሲበዛ ጨዋ ነው። እሷ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ሰዓቷን ጻፈች፣ ዘጋች፣ ሄደች።

በማግስቱ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ማራገቢያዋ ጮኸች።

እንደሻው ጩኸቱን በግድግዳው ሰምቶ መጣ። ከፍቶ አየ።

"አሥራ ሁለት ብለሽ ነው የጻፍሽው?"

"የማታ አሥራ ሁለት አላልከኝም?"

"ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው እኮ። በሱ አሥራ ሁለት ማለት የኛ የቀን ስድስት ነው። ድሮም ይሄንኑ ነበር የሚለው። አጥፍተሽ ያንኑ መልሰሽ ጻፍሽው።"

"ውይ፣ ተሳሳትኩ" አለች ዘመናይ።

እናንተዬ፣ ይቺ ሴት እኮ ቀኑን ሙሉ የፈተና ሰዓት፣ የቀጠሮ ሰዓት፣ የአውሮፕላን ሰዓት በኛም በፈረንጅም ስትጽፍ ነው የምትውለው። አንድ ቀን ስታዛንፍ ያያት የለም። እንደሻውም ይሄን ያውቃል። ግን አላነሳውም። እጁን ማሽኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ።

"ልቀይረው ወይስ ይቆይ?"

ዘመናይ በሩን አየች። ዝናብ ጀምሯል፤ ሰዎች ላስቲክ ተከናንበው ወደ አውቶቡሱ ይሮጣሉ። ሹራብ የደረበ የለም።

"አሥራ ስምንት ብለህ ጻፍ" አለች።

እንደሻው አሥራ ስምንት ብሎ ጻፈ፤ በፈረንጅ የኛ የማታ አሥራ ሁለት ማለት ነው። ከየት አወቅሽው አላላትም።

አሁን ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኑ ይበርራል፤ ሰዉ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ያ "ምሳ ወጥቷል" የሚለው ቀልድ ቀርቷል። ሲመሽ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማራገቢያዋ ትጮሃለች። ያን ጊዜ ዘመናይ መሄድ ነበረባት፤ ዘበኛው ያለ እሷም ይበረብራል። እሷ ግን በሩን ገርበብ አድርጋ ማሽኑ አጠገብ ትቀመጣለች። አትጽፍ፣ አታነብ፤ መዳፏን የሞቀው ጎኑ ላይ ታደርግና በርብሮ እስኪጨርስ ትጠብቃለች።

እንደሻው ደግሞ ሱቁን ከዘጋ በኋላ አይሄድም። የዘጋውን ቁልፍ ተመልሶ ይነካካል፣ ጥቂት ይቆማል፣ ደግሞ ይነካካል፤ ከጎን ቤት ማራገቢያዋ ዝም እስክትል።