የፒሪሂራ ቀትር

አክስቴን ፒሪሂራን «ሦስት ዓይና» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የባሏ ወንድም ሪዋይ ነው። ቱዋታራ የሚባለው ትልቅ እንሽላሊት የሚመስል የአገራችን እንስሳ አናቱ ላይ ሦስተኛ ዓይን አለው፤ እሷ ደግሞ ከቱዋታራ ሌላ ወሬ የላትም፤ በቃ፣ ስሙ ተለጠፈባት። አርባ ዓመት ቄራ ውስጥ ቢላ ይዛ የቆመች ሴት በቅጽል ስም ትከፋለች እንዴ!

ደሴታችን ላይ ቱዋታራ ከጠፋ መቶ ዓመት አልፎታል። አይጥ ነው የጨረሰው። አይጡን ከነዘሩ ካጠፋን በኋላ አክስቴ በጎሣችን መሰብሰቢያ ቤት፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ፣ «ወደ ቤታቸው ይምጡ፤ ኃላፊነቱ የኔ ነው» አለች። ከሌላ ደሴት ሃያ መጡልን። በየመዝገባቸው ላይ «የትውልድ ቦታ» በሚለው መስመር የዚያኛው ደሴት ስም ተጽፏል። ያቺን መስመር ባየች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል።

የመንግሥት ሰዎች ቀን ቆረጡ። እስከ ስምንተኛው በጋ ማብቂያ አንድ ግልገል ካልታየ፣ ሃያዎቹም ወደ መጡበት ይመለሳሉ።

ቱዋታራ ደግሞ መቼ ይቸኩላል! ሴቷ የምትጥለው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ እንቁላሉም አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ይቆያል። አክስቴ ጎጆዎቹን አግኝታ፣ የተቀደደ ቅርፊት ይዛ እየዞረች «ተፈልፍለዋል!» ብትልም፣ ሪዋይ «ወፍ በልቷቸዋል» እያለ ያበሽቃታል። ትልልቆቹ የሚወጡት ሲመሽ ነው፤ አባቶቻችንም የነገሩን ይህንኑ ነው። ስለዚህ በየበጋው ባትሪ ይዘን፣ እግራችን የባሕር ወፎች ለጎጆ የቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ እየገባ፣ በጨለማ ስንዳክር ከረምን። እኔማ «አክስቴ፣ ተይው በቃ» ብያታለሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። የመንግሥቱ ባለሙያ አንገስ ቱዋታራዎቹን ሊወስድ ሃያ ሳጥን ጭኖ መጣ። ቀትር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የተቀቀለ ስኳር ድንች እየበላን ሳለ፣ አክስቴ በድንገት ማኘኳን አቆመች።

«ሪዋይ!»

«አቤት፣ ሦስት ዓይና።»

«ወንድምህ ቄራ ሌሊት ሠርቶ ሲመጣ፣ ልጆቼ የት ነበር የሚጫወቱት?»

«ሲተኛ ደጅ፤ ሲነቃ አልጋ ሥር። ኧረ ያ ቁጡ ሰውዬ ሲነቃ እኔም አልጋ ሥር ነበርኩ!»

«ትናንት አንዱ ሽማግሌ ቱዋታራ ትንሽ እንሽላሊት ዋጥ ሲያደርግ አይቻለሁ። የራሱንስ ልጅ ቢያገኝ ይምረዋል? ታዲያ ትንንሾቹ መቼ ነው የሚወጡት?»

ስኳር ድንቿን ድንጋዩ ላይ ጣል አድርጋ ተነሣች።

«እሱ ሲተኛ ነዋ! በቀን! እኛ ጅሎቹ ስምንት በጋ ሙሉ እነሱ ተኝተው ሳለ ነው የፈለግናቸው!»

ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ በጉልበቷ ዳኸች። ሪዋይ «ፀሐይ መታት» አለኝ። እኔ ግን ተከትያት ዳኽኩ። ቁጥቋጦውን ቀስ ብላ ገለጥ ስታደርገው፣ የሞቀ ድንጋይ ላይ፣ ጣት የምታክል ቡናማ ነገር ፀሐይ ትሞቃለች። ጭንቅላቷ ለአካሏ ይተልቃል። «ምን ፈለጋችሁ?» በሚል ዓይን አየችን።

አክስቴ ተነሥታ ቆመች። ከዚያ ሴቶቻችን እንግዳ ሲገባ የሚያሰሙትን ረጅሙን የአቀባበል ጥሪ ለቀቀችው። ድምፅዋ ገደሉን አልፎ ባሕሩ ላይ ሄደ። ደስ ሲል! ያ አሽሟጣጭ ሪዋይ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተነፋረቀ።

«ምን ያስለቅስሃል?» አለችው።

«ሦስት ዓይን እያለሽ ስምንት ዓመት አስለፋሽኝ እኮ!»

እስከ ማታ ድረስ ሌሎች አራት አገኘን። አንገስ ሳጥኖቹን ባዶአቸውን ጀልባው ላይ መልሶ ለግልገሎቹ አዲስ መዝገብ ከፈተ። «የትውልድ ቦታ» የሚለው ጋ ሲደርስ እጁ በልማድ የዚያኛውን ደሴት የመጀመሪያ ፊደል ጀመረ። አክስቴ እጁን ያዘችው።

«ሰርዘው» አለችው። «እዚህ ብለህ ጻፍ። ጎላ አድርገህ።»