ድምፅ የሌላቸው ቪዲዮዎች

ያን ንባብ ቤት እስከ ዛሬ አልወደውም። ለጉዳይ ወረታ በሄድኩ ቁጥር በበሩ የማልፈው ፊቴን አዙሬ ነው።

መምህርት ሆኜ ከአዲስ አበባ ወደዚያ ስዛወር ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር። አትሰማም። ለእሷ የሚሆን ትምህርት ቤት በከተማው አላገኘሁም። አከራዬ፣ ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያሳርሱ እናት፣ ባዩኝ ቁጥር «ኧረ ይችን ልጅ ዋንዛዬ ወስደሽ ንከሪያት! ፍል ውኃው አፏን ይፈታታል» ይሉኛል። ሲነዘንዙኝ ወሰድኳት። የልጄ ቆዳ ጠራ፣ እኔም ወገቤን ተሻለኝ፤ ሌላ የተፈታ ነገር አልነበረም።

ከዚያ አንድ የአዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ ላይ የምልክት ቋንቋ በቪዲዮ እንደሚያስተምር ሰማሁ። ቤቴ የኢንተርኔት ዶንግሌን ሰክቼ ከፈትኩት። አስተማሪዋ ራሷ መስማት የተሳናት ሴት ናት። እጇን አነሳች፣ ከዚያ ቀጥ። ያ የተረገመ ክብ መሽከርከር ጀመረ። ልጄ ሴትዮዋን እያየች የራሷንም እጅ እንዳነሳች ቀረች። ክረምት ገብቶ ሜዳው ላይ ውኃ ሲተኛ ኔትወርኩ ጭራሹን ጠፋ።

የቀረን የንባብ ቤቱ ኮምፒውተር ነበር፤ በገመድ የሚመጣ ኢንተርኔት አለው። ኃላፊው ግን እንደ ሙሽራ በጥልፍ ሸፍኖት፣ ከአንድ ለአምስት ስብሰባው ሲመለስ ብቻ ነው የሚገልጠው። ፍላሽ አያስነካም፤ ቫይረስ ያመጣል። ለምኜ፣ ተለማምጬ፣ ቪዲዮዎቹ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ እንዲወርዱና ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጭ ብለን እንድናይ ፈቀደ። «ፈቀደ» ስል ራሱ ያንገበግበኛል።

ልጄ ግን ተማረች። «ውኃ»፣ «እናት»፣ «የት»፣ «የለም»። አንድ ማለዳ ከአልጋዋ ወርዳ በእጇ «እናት፣ ውኃ» አለችኝ። እስከዚያ ቀን የምትጠይቀኝ ቀሚሴን እየጎተተች ነበር። አከራዬ አይተው «ይኸ እጅ ማወናጨፍ ሰው ያስቅባታል» አሉ። እያለቀስኩ ውኃ ቀዳሁላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንሄድ ስንት ሳምንት ተጠብቆ የወረደው ሁሉ የለም።

«ገምግሜ አጠፋኋቸው፣ መምህርት» አለኝ ኃላፊው ኮራ ብሎ። «ስፒከሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ አዳመጥኩ። አንዱም ድምፅ የለውም። ሁሉም ብልሽት ናቸው።»

«ለማትሰማ ልጅ ድምፅ ምን ያደርግላታል?»

«ቪዲዮ ድምፅ ሊኖረው ይገባል። እርስዎ ደሞ የተማሩ ሰው ነዎት።»

በጥልፉ ጨርቅ ባንቀው ደስ ባለኝ። ልጄ መሀላችን ገብታ ባዶውን ስክሪን አየች፤ ወደ እሱ ዞረችና በእጇ «የት?» አለችው።

«ሴትዮዋ የት ሄደች እያለችዎት ነው» አልኩት። «እኔ አልመልስላትም። ያጠፉት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ይንገሯት።»

ጉሮሮውን ጠረገ። ጎንበስ አለና አፉን ጆሮዋ ሥር ደቅኖ ጮኸ፦ «ተበላሽቶ ነው፣ ሚጣዬ!»

ልጄ ዞር ብላም ወደ አፉ አላየችም። መልሱን ከእጆቹ ነበር የምትጠብቀው። እሱ ደግሞ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሯቸዋል።